የቢያዝን ደም የተናገረው

ጥቅምት 9፣ ቅዳሜ። ኮምቦልቻ

ተጠቆመ! ባሌ ተጠቆመ! ከጸሎት ስንወጣ መጋቢ አሮን በር ላይ አስቁመውኝ «እህት ሙሉመቤት፣ ለሽማግሌነት ከተጠቆሙት ውስጥ የወንድም ቢያዝን ስም አለ። ምርጫው ጥር ላይ ነው፤ ጸልዩበት» አሉኝ። እግሬ መሬት አልነካም። ስንት ዓመት በዚያ አጥቢያ ወንበር ስደረድር፣ ሻይ ስቀዳ፣ የሰው ልጅ ንፍጥ ስጠርግ የኖርኩት ለዚህ ቀን ነው። ሸዋረጋ ባሏ ሽማግሌ ከሆነ ወዲህ ሰላምታ እንኳ የምትሰጠኝ በጣቷ ጫፍ ነው። እናያለን!

ለቢያዝን ስነግረው «እሺ» አለ። በቃ፣ እሺ። ይሄ ሰውዬ ሰማይ ቢከፈትለት እንኳ «እሺ» ብሎ ጫማውን ነው የሚፈልገው።

ጠዋት ትራሱ ላይ ደም አየሁ። ድዱ ነው፤ ጥርሱን ሲቦርሽ አይጠነቀቅም። ያንን ነጭ ትራስ ስፈትግ አረፈድኩ።

ጥቅምት 14

ዛሬ ደግሞ ጭኑ በልዞ አየሁት። «የት ተጋጨህ?» ብለው «አልተጋጨሁም» ይላል። ደከመኝም ይላል። ሳምንቱን ሙሉ ደከመኝ፣ ደከመኝ። ሃምሳ ዓመት ያልሞላው ሰው!

ጎረቤቴ ሸሪፋ ከሐርቡ፣ ከወንድሟ እርሻ የመጣ ፓፓያ በአጥር በኩል አቀበለችኝ። «ለቢያዝን ስጪው ሙሉዬ። ፊቱ ገርጥቷል፤ ወላሂ አላማረኝም» አለች። አመስግኜ ተቀበልኩና በኋላ በር ለሚያልፈው ቆራሌው ሰጠሁት። ቤቴ ጥሬ ነገር አይገባም። ልጄን አቢጌልን ታይፎይድ ይዟት ከሞት አፋፍ ከተመለሰች ወዲህ ሰላጣ የለ፣ ቃሪያ የለ፣ ፍራፍሬ የለ። ጎመኔን ከጠዋት ጥጄ የማወጣው ለምሳ ነው። ያንን ችሎ የሚተርፍ ተሕዋስ ካለ ይምጣና ይግጠመኝ። ባሌም ውጭ እንዳይበላ ምሳውን ቋጥሬ ነው የምሰደው። እንደኔ ለባሏ የምትጠነቀቅ ሴት በዚህ ሰፈር ካለች አሳዩኝ።

ጥቅምት 22

ደሴ ሐኪም ጋ ወሰድኩት። ሽማግሌ ሊሆን ያለ ሰው መድረክ ላይ ድዱ እየደማ ሊጸልይ ነው እንዴ? ሚኒባሱ የሐረጎን ዳገት ሲወጣ ትከሻዬ ላይ ተኝቶ ለሃጩን አዝረበረበብኝ።

ሐኪሙ ዶክተር ሀፊዝ ይባላል። የልጅ ፊት ያለው፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። «ምን ይመገባሉ?» አለው። ቢያዝን አፉን ሳይከፍት እኔ መለስኩ። «አትክልት በየቀኑ ነው ዶክተር። ጎመን፣ ካሮት፣ ጥቅል ጎመን።»

«ፍራፍሬስ?»

«ሁሉም አለ ቤታችን» አልኩ። ምን ልበል ታዲያ? ባሏን ፍራፍሬ የማታበላ ብሎ ይጻፈኝ? ቢያዝን ቀና ብሎ አየኝ። የሚናገር መስሎኝ ነበር፤ መልሶ ወለሉን አየ።

«ያጨሳሉ? ይቅማሉ?» ሲለው ሳቀ። «እኛ ጴንጤዎች ነን ዶክተር» አለ። ደም ተቀዳ። ምርመራው አዲስ አበባ ስለሚሠራ ይቆያል ተባልን።

ኅዳር 12

ከደሴ አሁን ነው የገባሁት።

ቢያዝን ከወደብ የሚመጡ መኪናዎች ስለሚራገፉ ከሚሠራበት መጋዘን መውጣት አልቻለም፤ ውጤቱን ብቻዬን ሄጄ ተቀበልኩ። ዶክተር ሀፊዝ አስቀመጠኝና በእርጋታ አስረዳኝ። ቫይታሚን ሲ በጣም ወርዷል፤ ቫይታሚን ኢም ዝቅ ብሏል። «ሰውነታችን እንደ ብረት ይዝጋል ይበሉት። እነዚህ ናቸው ዝገቱን የሚከላከሉልን። አዋቂ ሰው ላይ እንዲህ አልቀው የምናያቸው ብዙ ጊዜ በሚያጨሱ፣ በሚጠጡ ሰዎች ነው፤ የሲጋራ ጭስ ይጨርሳቸዋል። ወይም ደግሞ ፍራፍሬና ጥሬ አትክልት በማይቀምሱ፣ ያገኙትንም አብዝተው በሚቀቅሉ። ግን እናንተ ቤት ሁሉም ይበላል ብለውኛል…» አለና ትከሻውን ነቅነቅ አደረገ። «እስቲ ረጋ ብለው ይጠይቋቸው። እስከዚያ ይህንን ክኒን በየቀኑ ይውሰዱ። በሁለት ሳምንት ይዘዋቸው ይምጡ።»

ጆሮዬ «በሚያጨሱ» ላይ ቀረ። ስለ ምግብ ያለው እኛን አይመለከትም፤ ጎመን ለማያውቅ ይንገር።

አጫሽ! የእኔ ባል! ለዚህ ነው ለካ ያን ቀን የሳቀው። ሐረጎን እየወረድን ሁሉም ነገር ፊቴ ላይ ተደረደረ፦ ማታ ማታ ጃኬቱ የሚሸተው ጭስ፣ የጠቆረው ከንፈሩ፣ ያ ሁሉ ዝምታው። እኔ ጅሏ «የመኪና ጭስ ነው» እያልኩ አጥብ ነበር። ጌታ ሆይ፣ ለምርጫው ሁለት ወር ሲቀር!

ክኒኑን ቦርሳዬ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። መጀመሪያ እውነቱ ይውጣ።

ኅዳር 13

ጃኬቱን አሸተትኩ። ይሸታል።

ኪሱ ውስጥ፦ እስክሪብቶ። መሐረብ፤ ደም አለበት። ከረሜላ።

ከረሜላ! የትልቅ ሰው ኪስ ውስጥ ከረሜላ ምን ይሠራል? አፉን ሊያጣፍጥ ነዋ።

ኅዳር 17፣ ማክሰኞ

ነገርኩት። «ደምህ ተናገረ ቢያዝን። ታጨሳለህ» አልኩት።

መጀመሪያ የምቀልድ መስሎት ፈገግ አለ። ድዱ አብጦ ጥርሱን ሊውጠው ነው፤ ማየት አስጠላኝ። «ሙሌ፣ የሚያጨሱት እኮ ሾፌሮቹ ናቸው። እኔ በመሃላቸው ቆሜ ነው ቀኑን ሙሉ ጭነት የማስቆጥረው» አለ።

«ደምህስ? ደምህ ውስጥ ሾፌር ገባ እንዴ?»

«በጌታ ፊት እልሻለሁ፣ ሲጋራ በእጄ ይዤ አላውቅም።»

«በጌታ ስም አትዋሽ!» ብዬ ጮህኩ። ሸሪፋ በአጥሩ ሰምታለች መሰለኝ፣ ራዲዮዋን ዝቅ አደረገች። «ዶክተሩ ጋ አብረን እንሂድና ራሱ ይንገረኝ» አለ። ምን ሊያደርግ? ያንን ለስላሳ ልጅ በምላሱ ሊያለዝበው? አይሆንም አልኩ። የሕክምና ካርዱን ደበቅኩት።

ኅዳር 20

መጋዘኑ ፊት ለፊት ካለው ሱቅ ሆኜ አየሁት። ምሳ ሰዓት ነበር። ሾፌሮቹ መኪናው ጥላ ሥር ቁጭ ብለው ያጨሳሉ፤ እሱ በመሃላቸው የእኔን ምሳ ዕቃ ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። በሺር የሚሉት ረጅሙ ሾፌር አንድ ነገር አለው፤ ቢያዝን ሳቀ። እስኪያነባ ሳቀ። ከእኔ ጋር እንዲህ ስቆ አያውቅም።

እጁ ላይ ሲጋራ አላየሁም። ከመድረሴ በፊት አጭሶ ደብቆታል እንጂ ሌላ ምን ይሆናል።

ኅዳር 29፣ እሑድ

አልቻልኩም፤ ለሸዋረጋ ነገርኳት። ከማንም በፊት ከእኔ ትስማ ብዬ ነው። ደስ ይላታል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እሷ ግን እጄን ያዘችኝ። በሙሉ እጇ! «እህቴ፣ ጌታ ለትልቅ ነገር አስቦሽ ነው። ባሏን ከሱስ ያስፈታች ሴት ታውቂያለሽ ምን ያህል ምስክርነት እንዳላት? የካቲት ላይ ደሴ የሴቶች ጉባኤ አለ፤ እኔ ነኝ ተናጋሪ የምመርጠው» አለችኝ።

ሽማግሌነቱስ? እሱማ ቀረ። ቢሆንም… ደሴ! በዚያ ሁሉ ሰው ፊት!

ጾም ጸሎት አወጅንበት። ቀን ምንም፤ ማታ ደረቅ ዳቦና ሻይ።

ታኅሣሥ 5

የጸሎት ቡድኑ ቤት መጣ። ሸዋረጋ ራሱ ላይ እጇን ጭና «ውጣ! የሲጋራ መንፈስ፣ ውጣ!» ስትል ቢያዝን ዓይኑን ገልጦ «ማን ነው የሚወጣው?» አለ። ሊነሳ ፈልጎ ነው፤ ውጣ የተባለው እሱ መስሎታል። ለመቆም ሁለት ሰው ደገፈው። ሴቶቹ መንፈሱ አድክሞት ነው አሉ።

ማታ ጥርሱ ወለቀ። እንደ ልጅ በመዳፉ ይዞት ወደ ማድቤት መጣና አሳየኝ። እኔም «ጣለው» አልኩት። ከዚያ ብቻዬን ስሆን ሆዴ ባባ። ባባ እንጂ! ድንጋይ አይደለሁም። ክኒኑን አወጣሁ፣ አየሁት፣ መለስኩት። አሁን ብሰጠው ዳነልኝ ብሎ ያጨሳል። ልቡ ካልተሰበረ ምን ዋጋ አለው?

ታኅሣሥ 16

ትናንት አቢጌል ከደሴ መጣች። እዚያ አክስቷ ዘንድ ሆና ኮሌጅ ትማራለች። አባቷን ስታይ ቦርሳዋ ከእጇ ወደቀ።

«እማዬ፣ አባዬን ምን አደረግሽው?»

«እኔ? አባትሽን ሲጋራው ምን አደረገው በይኝ!»

«አባዬ? አባዬ ያጨሳል? እማዬ፣ አብደሻል እንዴ? አባዬ እኮ ሻማ ሲጠፋ በሚወጣው ጭስ የሚያስል ሰው ነው!»

በጥፊ አልኳት። እጄ ቀደመኝ። ለካ ብርቱካን አምጥታለት ኖሮ፣ በረንዳው ላይ ተደብቀው ስትልጥለት ሽታው ወጥ ቤት ድረስ መጣ። ብርቱካን ደግሞ አይደበቅም። ደረስኩባቸው። ግማሹን በልቷል፤ ጭማቂው ቁስሉን እያቃጠለው እንባው ይወርዳል፣ ግን አያቆምም፣ ይውጣል። እንደዚያ ሲበላ አይቼው አላውቅም። ጾም ላይ ያለ ሰው! ቀሪውን ነጥቄ ሽንት ቤት ጣልኩ።

አቢጌል ዛሬ የገናን በዓል እንኳ ሳትጠብቅ ሄደች። በር ላይ «ለሐኪሙ ምን እንደምታበይው ነግረሽዋል?» አለችኝ። የእናቷን ወጥ በልታ ያደገች ልጅ!

ታኅሣሥ 22

ሽማግሌዎቹ ጠሩት። ውጤቱን ይዤ ሄድኩ። መጋቢ አሮን ወረቀቱን አገላብጠው አዩት፤ አንዱም አልገባቸው፤ ቢሆንም ራሳቸውን ነቀነቁ። «ወንድም ቢያዝን፣ ሳይንስ እንኳ መሰከረብህ። ካመንክ ለጥቂት ወራት ከአገልግሎት ትታገድና እንመልስሃለን። ከካድክ ግን ልብህን ማደንደን ነው» አሉት።

«አላጨስኩም» አለ። ድምፁ አይሰማም። እንዲደግመው አደረጉት። «አላጨስኩም፣ መጋቢ።»

የሸዋረጋ ባል ተነፈሰና ጣራውን አየ። ስሙ ከተጠቋሚዎቹ ተሰረዘ። ስንወጣ ማንም አልጨበጠንም። እኔን ጭምር! እኔ ምን አደረግኩ?

ታኅሣሥ 30

ትናንት ገና ነበር። ሥጋው አፉን አቆሰለው፤ ሳህኑን ገፋ አደረገና ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ። እግሩ አባብጧል። ሸሪፋ እንኳን አደረሳችሁ ልትል ገብታ አየችው፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። «ያረቢ! ሙሉዬ፣ ይሄ ሰው ይሞትብሻል» አለች። ወደ እሱ ጎንበስ ብላ «አብሽር ወንድሜ፣ አላህ ያሽርህ» አለችው። የእኔ ባል፣ በሰው ሚስት ፊት፣ አለቀሰ።

ዛሬ ጠዋት ነገርኩት። ሞት ያለችው ነገር ሌሊቱን አላስተኛኝም። «መድኃኒት አለ» አልኩት። «ዶክተሩ ሰጥቶኛል። እመንና ልስጥህ።»

ቀስ ብሎ ዞረ። «መድኃኒት አለ?»

«አለ።»

«መቼ ነው የሰጠሽ?»

«ውጤቱን የሰጠኝ ቀን።»

ትክ ብሎ አየኝ። ይጮኻል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። «እሺ» አለ። «አጨሳለሁ።»

እሰይ! ጌታ ይመስገን! ተንበርክኬ አለቀስኩ። ከዚያ ክኒኑን በእጄ አጎረስኩት።

ጥር 4፣ እሑድ

በጉባኤ ፊት ተናዘዘ። ሁለት ወንድሞች ደግፈው መድረክ አወጡት። ሴቱ ሁሉ እያለቀሰ እኔን ነው የሚያየው። መጋቢ «ምን ዓይነት ሲጋራ ነበር የምታጨሰው፣ ወንድሜ?» አሉት።

ቢያዝን አሰበ። «ነጩን» አለ።

ከወጣቶች መዘምራን አንዱ ፍርፍር ብሎ ሳቀ። ምን ያስቃል? «በቀን ስንት?» አሉት። «እንደሌሎቹ» አለ። ሕዝቡ ሃሌሉያ አለ። መጋቢ ለስድስት ወር ከጌታ እራትም ከዝማሬም አገዱት። ሰው ሁሉ እኔን አቀፈኝ። ሸዋረጋ ጆሮዬ ላይ «ደሴ ተናጋሪዋ አንቺ ነሽ» አለችኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ ብረቱን ተደግፎ ዓይኑን ጨፈነ። እኔ ደግሞ አፌ አላረፈም።

ጥር 21

ድዱ መድማት ካቆመ ሰነበተ! ጭኑ ላይ የበለዘው ቢጫ ሆኖ እየጠፋ ነው። ደረጃ ብቻውን ወጣ። የንስሐ ኃይል እንዲህ ነው፤ አፉን ከፍቶ በተናዘዘ በሳምንቱ! ለጉባኤው ይህችን አልረሳትም።

ዶክተር ሀፊዝ ደወለ፤ «ለምን አላመጧቸውም? ክኒኑን ጀመሩ?» አለ። ድኗል አልኩት። «ከመቼ ጀምሮ ነው የሚወስዱት?» ሲለኝ ኔትወርክ የለም ብዬ ዘጋሁት።

የአጥቢያው ሰው ቢያዝንን አይቀርበውም። የልጆቻቸውን እጅ ይዘው ያልፋሉ። ወንድም ወንድም ይሉት የነበሩት መንገድ ላይ በእጃቸው ሰላምታ ሰጥተው ይቸኩላሉ። አቢጌል ለእሱ ብቻ ትደውላለች፤ እኔን «ደህና ናት?» እንኳ አትልም። በቤት ውስጥ የጠየቅኩትን ይመልሳል። እሺ። አይደለም። እሺ።

የካቲት 6፣ ሐሙስ

ነገ ወደ ደሴ እሄዳለሁ፤ ጉባኤው ቅዳሜ ነው። ንግግሬን ጽፌ ጨርሻለሁ። ዛሬ ግን አንድ ነገር ሆነ፤ ለማንም ስለማልናገረው እዚህ ልጻፈው።

ምሳውን ረስቶ ስለሄደ ልወስድለት መጋዘኑ ሄድኩ። ከመኪናው ኋላ ሆኜ አየሁት። ከሾፌሮቹ ጋር ተቀምጧል፤ እጁ ላይ ሲጋራ አለ። በቃ፣ ያዝኩት! ልቤ በደስታ ዘለለ። በደስታ፤ አዎ። ልጮህ አፌን ስከፍት ሲጋራውን አፉ ላይ አደረገና ክብሪት ጫረ። ክብሪቱ ሁለቴ ጠፋበት። ሦስተኛው ሲያያዝ በአፉ የሚጎረሰውን፣ ጥጥ ያለበትን ጫፍ ለኮሰው። ጥጡ ነደደ፤ ሸተተ። እሱ ግን ዓይኑን ጨፍኖ ይስባል። ያ ረጅሙ በሺር ሳቁን አፍኖ ከአፉ ላይ ወሰደለትና ሌላ አውጥቶ፣ በትክክል አዙሮ ሰጠው።

«ጋሼ፣ ወላሂ መጀመሪያዎ ነው አይደል?» አለው።

«አይ» አለ ቢያዝን። «እኔ በጉባኤ ፊት የተመሰከረልኝ አጫሽ ነኝ።»

ሾፌሮቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም። ሳበ፤ ሳል ያዘው። እንደ ሕፃን ትን ብሎት፣ ጉልበቱን ይዞ፣ ዓይኑ ደም እስኪመስል ሳለ። በሺር ጀርባውን እየመታለት «ይተዉት ጋሼ፣ ይሄ ለእርስዎ አይሆንም። ምን ሊያደርግልዎት?» ይለዋል። ቢያዝን ግን እጁን ዘረጋ። «ስጠኝ። እለምደዋለሁ። ሰው ሁሉ እየጠበቀኝ ነው» አለ።

ምሳ ዕቃውን ይዤ ተመለስኩ። አላየኝም።

በመንገድ ሁሉ ያቺ ሦስት ወር እየዞረች ትመጣብኝ ነበር። ጥርሱ በመዳፉ ላይ። ብርቱካኑ። «መድኃኒት አለ?» ሲለኝ ያየኝ አስተያየት። አንዴ ሚኒባስ ተራው ጋ ቆሜ ወደ መጋቢ አሮን ልሂድ ብዬ ነበር። ሄጄ ምን ልበል? ባሌ ንጹሕ ነው ልበል? ከዚያ ሸዋረጋስ? ደሴ ያለው ያ ሁሉ ሕዝብስ? ስሜ ተጽፎ ተለጥፏል እኮ!

አምሽቶ ገባ። ጃኬቱን ተቀበልኩት። ዛሬ ሽታው ከጃኬቱ አይደለም፤ ከአፉ ነው። ከጣቶቹ ነው። ፊት ለፊቴ ቁጭ ብሎ የሰጠሁትን በላ።

ንግግሬን ደግሜ አነበብኩት። አንድም ቃል አልቀየርኩም። «ባለቤቴ ያጨሳል» ይላል። ያጨሳል እኮ። በዓይኔ አይቻለሁ። እንግዲህ ውሸታም የሚለኝ ካለ ይምጣ።